ጥያቄ አለኝ፦ «ሣር ብቻ ነው» ስለተባለው ቤተ መንግሥት

ባለፈው እትም ስለ ጃፓን ጥንታዊ ዋና ከተሞች ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለአስጎብኚዎች ሥልጠና ናራ የምትባል የጃፓን ከተማ ሄጄ እንደነበር፣ ከዚያ ሁሉ ቤተ መቅደስና ሐውልት አንድ ጉድጓድ እንደበለጠብኝ ጽፌ አለፍኩ። ሁለት መስመር ናት። ስልኬ ግን ከዚያ ወዲህ አላረፈም። ከመጡት ጥያቄዎች አራቱን ይዣለሁ። ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ኪዮቶ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጠይቀው ልሄድ ነው። ዕድሜዬ 61 ነው፤ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት ነኝ። ፋሲል ግንብ ተማሪ ይዤ ስንቴ እንደሄድኩ አላውቀውም። ልጄን «የናራውን የድሮ ቤተ መንግሥት ታሳየኛለህ» ብለው «እማ፣ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ሣር ብቻ ነው፣ ይቅርብሽ» አለኝ። እውነት ሣር ብቻ ነው? ጉልበቴን ስለሚያመኝ ብዙ መራመድ አልችልም። (እናት፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ ልጅዎ አልዋሸዎትም፣ መምህርት። ሣር ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን ቆሜ ሳየው «በቃ ይኼው ነው?» ብያለሁ። ከብት ቢሠማራበት የሚያምር ሜዳ ነው።

ችግሩ የዓይናችን ነው። ፋሲልን ያየ ሰው ፍርስራሽ ሲባል የሚጠብቀው ድንጋይ ነው። የጃፓን ነገሥታት ደግሞ የሠሩት በእንጨት ነው። እንጨት ይበሰብሳል፣ ይቃጠላል፣ ሲያሻም ተነቅሎ ይሄዳል። የሚቀረው ምሰሶው የቆመበት ጉድጓድ ነው።

የአባቴን ነገር ልንገርዎት። ልጅ ሆኜ ቤታችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም ነበር። ቦታው ለመንገድ ተፈለገና ተነሡ ተባልን። አባቴ ቤቱን አላፈረሰውም፤ ነቀለው። ቆርቆሮውን እንዳይቀደድ ቀስ ብሎ አወረደ። ማገሩን ለብቻ፣ ወራጁን ለብቻ አሰረ። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ በጋሪ አስጭኖ አዲሱ ቦታ ላይ ተከላቸው። የተጣመመውን ሚስማር እኔና እህቴ በድንጋይ እየቀጠቀጥን አቀናን። መንገዱ ወዲያው አልተሠራም። ክረምቱ ሲወጣ ወደ ድሮው ግቢ ኳስ ልንጫወት ሄድን። ቀዩ አፈር ላይ ክብ ክብ ጥቋቁር ቦታዎች በመስመር ተደርድረዋል። ምሰሶዎቹ የተነቀሉባቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ቅጠልና ጭቃ ሞልቷቸው ጠቁረዋል። ኳሱን ትቼ ቆጠርኳቸው። ይኼ ሳሎን፣ ይኼ ጓዳ፣ ይኼ እናቴ የምትጋግርበት።

የናራው ሜዳ ይኸው ነው፤ መጠኑ ነው የሚለየው። ስሙ ሄይጆ ይባላል። ከ710 እስከ 784 የጃፓን ዋና ከተማ ነበር። ጌንሜይ የተባለች ንግሥት ናት ከቀድሞው ዋና ከተማ ከፉጂዋራ አንሥታ ወደዚያ ያመጣችው። ከተማው የያኔዋን የቻይና ዋና ከተማ ቻንግአንን አስመስሎ የተቀየሰ ነው። መንገዱ እንደ ገበታ ቀጥ ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ቤተ መንግሥቱ በስተሰሜን ጫፍ ነው። ግቢው በየጎኑ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ተጨማሪ ቁራጭ አለው። ከበሩ ወደ ደቡብ የሚወርደው ዋና ጎዳና 74 ሜትር ገደማ ይሰፋ ነበር። የእኛን የባሕር ዳርን የዘንባባ ጎዳና ያስቡና ምን ያህል እጥፍ እንደሆነ ይገምቱ።

አባቴ ቢሰማው የሚስቀው ደግሞ ይኼን ነው። በ740 ሾሙ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ሄይጆን ትቶ ኩኒ ወደሚባል ቦታ ሄደ። ትልቁ የዙፋን አዳራሽም ተነቅሎ ተከተለው። ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሡ ሲመለስ አዳራሹ አልተመለሰም። እዚያው ቀርቶ ቤተ መቅደስ ሆነ። ናራ ላይ የቀረው ጉድጓዱና የአፈር መደቡ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ሜዳውን መጀመሪያ አይዩት። ልጅዎን ያሳሳተው ይኼ ይመስለኛል። ከኪዮቶ ባቡር ይይዛሉ፤ ያማቶ ሳይዳይጂ የሚባል ጣቢያ ይወርዳሉ። እስኪደርሱ ከ40 ደቂቃ ብዙም አይበልጥ። ከጣቢያው አሥር ደቂቃ ያህል ቢራመዱ የቤተ መንግሥቱ ቁፋሮ ሙዚየም ጋ ይደርሳሉ። መግቢያው ነፃ ነው። እዚያ ሞካን የሚባለውን ሳያዩ እንዳይወጡ።

ሞካን ማለት ጽሑፍ ያለበት የእንጨት ቁራጭ ነው። ብዙዎቹ ከመዳፍ ትንሽ ይረዝማሉ፣ እንደ ማስመሪያ ስስ ናቸው። ጫፉ ላይ ከግራና ከቀኝ ትንሽ ተቦርቡሯል። ለምን? ገመድ እንዳይንሸራተት። ጆንያ ላይ የሚታሰር ምልክት ነው እኮ! ከክፍለ ሀገር ግብር ሲመጣ ይታሰርበታል። የአገሩ ስም፣ የወረዳው፣ የሰውየው፣ ከዚያ ዕቃውና ልኩ። ዋካሳ ከሚባል የባሕር ዳርቻ (ከእኛዋ ባሕር ዳር ጋር አይምታታብዎ) የመጡ የጨው ምልክቶች ብዙ ናቸው። የባሕር አረም አለ፣ የደረቀ የባሕር ቀንድ አውጣም አለ። እኔ የእኛ ገበያ የበርበሬ ተራ ነው ትዝ ያለኝ። ጆንያው ላይ በኮፒያ እርሳስ የተጻፈ ስም።

ጸሐፊዎቹ እንጨቱን አይጥሉትም ነበር። በትንሽ ቢላዋ ፊቱን ፍቀው እንደገና ይጽፉበታል። የዘጌ ደብተራዎች የተሳሳተውን ብራና እንደሚፍቁት ማለት ነው። በቁፋሮ የወጣው አብዛኛው ሞካን ፍቅፋቂ ነው። ከጥፍር የማትበልጥ ስባሪ ላይ ግማሽ ፊደል። ይኼን ሁሉ ያቆየው ረግረጉ ነው። አየር ያልገባበት እርጥብ አፈር እንጨት አያበሰብስም። ሲወጣም ወዲያው ውኃ ውስጥ ይከተታል፤ ከደረቀ ይኮማተርና ያልቃል። እዚያ ቦታ የመጀመሪያዎቹ የተገኙት በ1961 ነው።

ከምልክቶቹ የሚገርመኝ የናጋያ ነው። ናጋያ ልዑል ነበር። በ729 በሤራ ተከሶ ራሱን እንዲያጠፋ ተገደደ። ቤቱ የት እንደነበር አይታወቅም ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ትልቅ ሱቅ ሊሠራ ሲቆፈር 35,000 ገደማ ሞካን ከአንድ ቦይ ወጣ። የልዑሉ ስም ተጽፎባቸዋል። ወተት ያመጣ ሰው፣ ከተራራ የበረዶ ጎተራ በረዶ ያወረደ ሰው፣ ለውሾቹ የሚሰፈር ሩዝ ሳይቀር ተመዝግቧል። ለውሻ ሩዝ! ሱቁ ግን ላዩ ላይ ተሠራ። ከ11 ዓመት በኋላም ተዘጋ። የናራ ሰዎች «የልዑሉ እርግማን ነው» ይላሉ። የከሰረው ባለቤቱ ድርጅት ነው። ቢሆንም ነገሩ ለወሬ ይጥማል።

አሁን ወደ ሜዳው ይውጡ። መጀመሪያ ቁፋሮው እንዳለ ተጠብቆ ጣሪያ የተሠራለት ቤት ይግቡ። የምሰሶ ጉድጓዶቹን በዓይንዎ ያያሉ፤ አፈሩ በቀለም ይለያል። ከዚያ የነገሥታቱ መኖሪያ ወደነበረው ክፍል ይሂዱ። እዚያ በእያንዳንዱ ምሰሶ ቦታ ላይ ቁጥቋጦ ተክለዋል። እንደ ከበሮ ክብ አድርገው ይከረክሙታል። ቁጥቋጦው በመስመር ቆሞ ሲያዩት ቤቱ ራሱ ከመሬት ይነሣል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው።

እንደገና የተሠሩም አሉ። የደቡቡ በር በ1998፣ ትልቁ አዳራሽ በ2010 ተሠርተዋል። አዳራሹ 44 ሜትር ፊት አለው፤ ከፍታው 27 ሜትር ገደማ ነው፤ ምሰሶዎቹም 44 ናቸው፣ ቀይ የተቀቡ። ያምራል። ለእኔ ግን ትንሽ አዲስ ቤት አዲስ ቤት ይለኛል። እርስዎ አይተው ይፍረዱ። ጉልበትዎን ያሳርፉና አግዳሚ ላይ ይቀመጡ። የከተማ ባቡር በቤተ መንግሥቱ ግቢ መሀል ሰንጥቆ ሲያልፍ ያያሉ። ቀልዴን አይደለም፤ ሐዲዱ ግቢው ውስጥ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሐምሌና ነሐሴን ይተዉት። ሜዳው ጥላ የለውም፤ ሙቀቱ ደግሞ ወበቅ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ቢሆን ይመረጣል። በዚያ ሰሞን የናራ ብሔራዊ ሙዚየም የሾሶኢንን ዕቃዎች ያሳያል። ሾሶኢን የሾሙ ዕቃ ቤት ነው በሉት። ንጉሡ ሲሞት ባለቤቱ ኮምዮ በ756 ዕቃዎቹን ለቤተ መቅደስ ሰጠች። 9,000 ገደማ ዕቃ አለ፤ በየዓመቱ የሚወጣው ግን ከ60 ብዙም አይበልጥ። በሐር ንግድ መንገድ የመጣ አለ። ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው የተሣለበት ባለ አምስት አውታር ክራር መሰል መሣሪያ አለ። እሱ የሚወጣበት ዓመት ከገጠመዎ ዕድለኛ ነዎት። ትኬቱን ልጅዎ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ይያዝልዎ። በዚያው ሰሞን የቁፋሮው ሙዚየምም እውነተኞቹን ሞካን ያወጣል፤ ብርሃን ስለሚጎዳቸው ዓመቱን ሙሉ አይታዩም።

ሰኞ ግን አይሂዱ። እኔ አንድ ሰኞ ማለዳ ሁለት ባቡር ቀይሬ አንድ ሙዚየም ደረስኩ። በሩ ተዘግቷል። የጥበቃው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ እሳቸው አፈሩ። ብዙዎቹ ሰኞ ዝግ ናቸው። ሰኞ በዓል ከሆነ ደግሞ ይከፍቱና ማክሰኞ ይዘጋሉ።

ለጉልበትዎ የሚስማማ ሌላ ቦታ ኦሳካ ነው። የኦሳካ ታሪክ ሙዚየም በአሳንሰር 10ኛ ፎቅ ያወጣዎታል። እዚያ ናኒዋ የተባለው ቤተ መንግሥት አዳራሽ በሙሉ ልኩ ተሠርቷል፣ ሹማምንቱ ሳይቀሩ ቆመዋል። ከዚያ መጋረጃው ሲነሣ በመስኮቱ ቁልቁል እውነተኛውን ቦታ ያያሉ። እዚያም ሣር ነው! ያንን ቦታ ያገኙት ያማኔ ቶኩታሮ የተባሉ ሊቅ ናቸው። በ1954 ቁፋሮ ሲጀምሩ የሚያምናቸው ጥቂት ነበር። አዳራሹ በ1961 ሲገኝ 70 ዓመት አልፏቸው ነበር። «61 ዓመቴ ነው» ላሉኝ ለእርስዎ ነው ይኼን የምነግረው።

አሱካ ወደሚባለው ሌላ ጥንታዊ ቦታ ከሄዱ ብስክሌቱን ይተዉት፤ ዳገት አለው። ቀይ ኤሊ የሚሉት አውቶቡስ ይዞርልዎታል። እዚያ ለድንጋይ ናፍቆትዎ መድኃኒት አለ። ኢሺቡታይ የሚባለው መቃብር ክዳኑ አንድ ድንጋይ ብቻ 77 ቶን ገደማ ይመዝናል። ፉጂዋራ ደግሞ በታክሲ ይድረሱ። ከ694 እስከ 710 ዋና ከተማ ነበር፤ ሦስት ትንንሽ ተራሮች ይከቡታል። ምሰሶ የነበረበት ላይ ቀይ እንጨት አቁመዋል፤ በመኸር ሜዳው ሮዝና ነጭ አበባ ይለብሳል። ቪዛውን፣ የልጅዎን የግብዣ ደብዳቤ፣ የባቡር ካርዱን እሱ ያውቅበታል። ልጅ ለምን ይወለዳል?

ጥያቄ፦ ለሥራ ሁለት ሳምንት ናራ ልሄድ ነው። የምሄደው በዐቢይ ጾም ነው፤ ዓሣም አልበላም። ምን ልብላ? በረሃብ እንዳልሞት። (ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አትሞችም። ግን ሾርባውን ጠርጥሪ። የጃፓን ሾርባ አብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ ነው የሚወጣው። ኑድሉ ንጹሕ ሆኖ የተነከረበት መረቅ ያታልልሻል። «ሥጋ የለውም» ሲሉሽም ዓሣን ሥጋ ብለው አይቆጥሩት ይሆናል። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ጾመኛ ነኝ ብዬ ያንን መረቅ ስጠጣ ከርሜያለሁ፤ የነገረኝ የለም። ንስሐ አባቴ ሲሰሙ ሳቁብኝ።

የቤተ መቅደስ ምግብ ጠይቂ፤ ሾጂን ሪዮሪ ይባላል። መነኮሳቱ ዓሣም ሥጋም ስለማይነኩ መረቁ ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ነው። ከመንገድ ላይ ደግሞ የሩዝ እንክብል ግዢ፤ ኦኒጊሪ ይባላል። መሀሉ ኮምጣጣ ፕለም ያለበትን ምረጪ። ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ግን ይለመዳል። ናራ የምትታወቅበት በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ሲያዩት ጾም ይመስላል፤ ውስጡ ዓሣ ነው። የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት የተነሰነሰበት የሩዝ ጣፋጭ አለ። ሽታው የእናትሽን የሽሮ እህል ቆሎ ያስታውስሻል። በርበሬ ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ አስጎብኚ ነኝ። ማርያም ግምብ እንግዳ ይዤ ስሄድ «ይኼ ብቻ ነው?» ይሉኛል። ያረጀ ግድግዳ ነው ያለው። ጃፓኖች ባዶ ሜዳ እያሳዩ ሰው ከሳቡ እኛ ምን ጎደለን? (አስጎብኚ፣ ከጎርጎራ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም በጀልባ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ክብራን እንግዳ ሳመላልስ የኖርኩ ነኝ። ጥያቄህ ገብቶኛል።

መጀመሪያ አንድ ሰው ላስተዋውቅህ። ታናዳ ካጁሮ ይባላል። ናራ ውስጥ ችግኝ የሚሸጥ አትክልተኛ ነበር። እንግዶች ሲመጡ «የድሮው ቤተ መንግሥት የት ነበር?» ይሉታል። የሚያሳየው የለም፤ የሰው እርሻ ነው። አንድ የሕንፃ ታሪክ ሊቅ፣ ሴኪኖ ታዳሺ፣ የአዳራሹን የአፈር መደብ ለይቶ ነበር። ታናዳ ከዚያ በኋላ ሥራውንም ገንዘቡንም ቦታውን ለማስከበር አዋለው። በየቤቱ እየዞረ ፊርማና ገንዘብ ለመነ። በ1921 ሞተ። ቦታው የተከለለው በዓመቱ፣ በ1922 ነው። ዛሬ በሩ አጠገብ ሐውልቱ ቆሟል፤ በእጁ ወደ አዳራሹ ይጠቁማል። ሳየው «የእኛ ዓይነት ሰው» አልኩ። እንግዳ ሲጠይቀው ያፈረ አስጎብኚ ነው እኮ።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግቢው ላይ የባቡር ማቆሚያ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። ሕዝብ ጮኸ፤ መንግሥት መሬቱን ገዛው። ቀጥሎ አንድ አውራ ጎዳና በምሥራቅ ጎኑ ሊያልፍ ሲል ተቆፈረ። ቤተ መንግሥቱ እስከዚያ ድረስ እንደሚሄድ የታወቀው ያኔ ነው። መንገዱ ዞረ።

እንዴት ያሳያሉ ላልከው፣ የገጠመኝን ልንገርህ። እዚያ በነፃ የሚያስጎበኙ ጡረተኞች አሉ። እኔን የያዙኝ ሽማግሌ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ጃፓንኛ ብዙም አይሻል። አንድ ክብ ቁጥቋጦ አጠገብ አቆሙኝና «አንተ ምሰሶ» አሉኝ። ራሳቸው እየቆጠሩ ተራምደው ቀጣዩ ቁጥቋጦ ጋ ቆሙ። «እኔም ምሰሶ»። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ እኔም ዘረጋሁ። በመካከላችን ጣሪያ ሆነ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም። እኔም አልፈለግሁም።

አንተም እንግዳህን ከግድግዳው ፊት አቁመህ ዓመተ ምሕረት አታንብብለት። ኖራውን በጣቱ ያስነካው። በሩ የት ነበር፣ መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው ወይስ ወደ ዳገቱ፣ እሱው ይፈልገው። ግድግዳው ያበቃበት ላይ ቆሞ ቀሪውን በእርምጃ ይለካ። ሱስንዮስ ጎርጎራን ትቶ ደንቀዝ ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት እንደሠራ፣ ልጁ ፋሲለደስ ደግሞ በ1636 ጎንደርን እንደቆረቆረ ንገረው። ሦስቱን በአንድ ጉዞ የሚያገናኝለት ከተገኘ «ይኼ ብቻ ነው?» አይልም።

የማታውቀውን ግን አትሙላ። ናራ ላይ ከ1959 ጀምሮ ያለማቋረጥ ቆፍረው በሩን ያቆሙት በ1998 ነው። መልኩን ለመገመትም በዚያ ዘመን ከተሠሩት እስከ ዛሬ ከቆሙ ቤተ መቅደሶች ነው ያመሳሰሉት። ያም ሆኖ የሚከራከሩባቸው አልጠፉም። የትኛው ድሮ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። እኛ ዘንድ አንዳንድ ጓደኞቻችን ለጉርሻ ሲሉ ንግሥተ ሳባን የማያስገቡበት ታሪክ የለም። ይኼን የምልህ ራሴም አንድ ሁለቴ አስገብቻት ስለማውቅ ነው።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጃፓኖች ለምን ነበር ዋና ከተማቸውን ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩት? መምህራችንን ስጠይቀው ለእርስዎ ጻፍ አለኝ። (ከጣና ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ መምህርህ ብልጥ ነው።

ቀድሞ ንጉሥ ሲለወጥ ቤተ መንግሥቱም መለወጡ የተለመደ ነበር። ቤቱ እንጨትና ሣር ስለሆነ መንቀል ቀላል ነው። ፉጂዋራ ግን ጣሪያው ሸክላ ነበር፤ ለቤተ መንግሥት የመጀመሪያው። በሸክላ ያንን ሁሉ ከሠሩ በኋላ እንኳ 16 ዓመት ብቻ ኖሩበት። ሾሙ ደግሞ ከ740 እስከ 745 ባሉት አምስት ዓመታት ኩኒ፣ ሺጋራኪ፣ ናኒዋ እያለ ሲዞር ቆይቶ ወደ ሄይጆ ተመለሰ። ሹማምንቱ ምን ያህል እንደተማረሩ አስብ።

በ784 ካንሙ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ሄይጆን ጨርሶ ለቀቀ። ከናራ ቤተ መቅደሶች ጉልበት መራቅ ፈልጓል ይባላል። ናራ ትልቅ ወንዝም አልነበራትም፤ ዕቃ በጀልባ ማምጣት ያስቸግራል። ወደ ናጋኦካ ሄደ። እዚያ ሥራውን የሚመራው ሹም በ785 ተገደለ። የንጉሡ ወንድም ተጠርጥሮ ወደ ግዞት ሲወሰድ ሞተ። ከዚያ በኋላ በሽታና ጎርፍ ሲመጣ «መንፈሱ ነው» ተባለ። በአሥር ዓመቱ፣ በ794፣ ወደ ዛሬዋ ኪዮቶ ተሻገሩ። የናጋኦካ ቦታ ደግሞ ጠፍቶ ቀረ። በ1950ዎቹ ያገኘው ናካያማ ሹይቺ የሚባል ሰው ነው። ሥራው ምን መሰለህ? የሁለተኛ ደረጃ መምህር።

የእኛስ ነገሥታት? «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር። ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ከተማ ነው፤ ሲነቀል ከተማውም ይነሣል። ስለዚህ ጃፓኖቹ ላይ ብዙ አትደነቅ።

አንድ ሥራ ልስጥህ። ሰፈራችሁ ውስጥ ቤቱን ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ የወሰደ ሰው ካለ አያትህን ጠይቅ። ቦታው ገና ካልተሠራበት ክረምቱ ሲወጣ ሄደህ እይ። ጥቋቁር ክቦቹን ካገኘህ ፎቶ አንሣና ላክልኝ። ከጎኑ እስክሪብቶ አስቀምጥበት፤ ልኩ እንዲታወቅ።